«በሞቴ» የማይገባው እንግዳ

በዚህ አገር ከጎርፍ፣ ከመብረቅና ፍሬን ከበጠሰ ሚኒባስ ያመለጠ ሰው ሞልቷል፤ ከ«በሞቴ» ባይ ያመለጠ ግን እስካሁን አልተገኘም። በየሰፈሩ፣ በየብሎኩ፣ ሲያንስም በየደረጃው አንዲት አለች፤ «ጠግቤያለሁ» የሚለውን ቃል እንደ ይሉኝታ እንጂ እንደ መረጃ የማትቀበል፣ ስለ አንድ ጭልፋ ሽሮ የገዛ ሞቷን መያዣ የምታደርግ ሴት። ነገሩን ረጋ ብሎ ለመረመረው ያስደነግጣል። ሞትን የሚያህል ባለሥልጣን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ያውም በምስር ወጥ ጉዳይ፣ ለምስክርነት ይጠራል። አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም፤ መሐላው ግን በዚህ ምክንያት አልረከሰም። እንግዳው ሁልጊዜ ይደነግጣል፤ ሁልጊዜም አፉን ይከፍታል። መጥገብ የግል ጉዳይ መሆኑን ያልተቀበለ ሕዝብ ሌላውን የግል ጉዳይ እንዴት እንደሚያከብር አንባቢ ይፍረድ።

በገላን ኮንዶሚኒየም የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ክብርት ወይዘሮ አሰፋች ነበሩ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው የሦስተኛውን ፎቅ ፍጆታ በግምት የሚጽፈው እርሳቸውን ፈርቶ ነው ይባላል፤ አንድ ጠዋት የወጣ ጊዜ የወረደው ከቀትር በኋላ፣ ቀበቶውን ፈትቶ ነበር። የአንድ ለአምስት ስብሰባ በቤታቸው በተጠራ ዕለትም አምስቱ አባላት ስለ ልማት የያዙትን ሐሳብ ሁሉ ከእንጀራው ጋር ዋጡት። ሆስፒታል ታማሚ ሊጠይቁ ሄደው፣ በቀጣዩ አልጋ ላይ ለቀዶ ሕክምና ሆዱን ባዶ አድርጎ የሚጠብቅ የማያውቁት ሰው ቢያዩ፣ «ባዶ ሆድ ደግሞ ምኑ ይቀደዳል፤ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ብለው ሁለት ጊዜ አጉርሰውታል። ቀዶ ሕክምናው ለሌላ ሳምንት ተላለፈ። ሰውየው እስከ ዛሬ በየበዓሉ ይደውልላቸዋል።

የአጎራረስ ሥርዓታቸው የራሱ ሥነ አመክንዮ ነበረው። «አንድ ያጣላል» ይሉና ሁለተኛውን ያስከትላሉ፤ ሁለተኛው ሲዋጥ «ሥላሴ ሦስት አይደሉ?» ይላሉ፤ ከሦስተኛው በኋላ ማስረጃ መጥቀስ ያቆማሉ።

የዚህ ሁሉ ቀዳሚ ተጎጂ ባለቤታቸው አቶ ሀብተሚካኤል ነበሩ። አቶ ሀብተሚካኤል አቃቂ ከሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ጡረታ የወጡ፣ አንዲት ክር የሳተችበትን ጣቃ የክርስትና ልጃቸው ቢሸምነውም የሚመልሱ ሰው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው «ይለፍ» ያሉት ሁሉ በእርግጥ ማለፍ የሚገባው ነበር። ሐሰት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ሲባል እርሳቸውን ለማሞገስ አይደለም፤ ጎረቤት ለምን አዲስ ልብስ ለብሶ በፊታቸው እንደማያልፍ ለማስረዳት ነው። ሐኪም ስኳራቸውን ለክቶ የእህሉን መጠን እንዲቀንሱ አዝዟቸዋል። ወይዘሮ አሰፋችም ትእዛዙን በአክብሮት ተቀብለው የሰሐኑን ቁጥር ቀነሱ፤ ስፋቱን ግን ጨመሩ።

እንግዲህ እንዲህ ላለች ሴት ነው የማይበላ ዓሣ በአደራ የተሰጠው።

ዓሣው የሀይረዲን ነበር። ሀይረዲን በሳሪስ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ያለው፣ በራቸው ፊት ለፊት የሚኖር የስልጤ ነጋዴ ነው። ዱባይ ለንግድ በሄደ ጊዜ በአንድ ሆቴል ውስጥ የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ ሲዋኝ አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ገንዳውን፣ የባሕር ውሃ የሚበጠበጥበትን ጨውና የአየር መንፊያውን ከሸቀጡ ጋር ጭኖ መጣ፤ ዓሣዎቹን ደግሞ በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር አየር በተሞላ ላስቲክ አደረሰለት። የሐይቅ ዓሣ ውሃ ካገኘ ኑሮ ነው ብሎ ይኖራል። የባሕሩ ግን የጥንት ባላባት ነው። ውሃው ከቀዘቀዘ ይቀየማል፤ ጨው ከበዛ ይታመማል፤ መብራት ጠፍቶ መንፊያው ከቆመ ይታፈናል፤ ሁሉም ከተሟላለት ደግሞ ምግብ አልነካም ይላል። ከመጡት አራቱ ሦስቱ በዚሁ አድማ ሞቱ። የተረፈው አንድ ነበር፤ እንደ ሎሚ ቢጫ፣ ዓይኑ ላይ ሰማያዊ ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል፣ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ፍጡር። ወራት ከፈጀ ትዕግሥት በኋላ ከሀይረዲን እጅ፣ ከሀይረዲን እጅ ብቻ፣ የተከተፈ ሽሪምፕ፣ ያን አንበጣ መሰል የባሕር ፍጡር፣ መቀበል ለምዶ ነበር።

አረፋ ሲደርስ ግን የስልጤ ሰው ከተማ ውስጥ አይገኝም። መደብር ይዘጋል፤ ሚስት፣ ልጅ፣ አማች ተጭኖ አገር ቤት ይገባል። ዓሣ አገር ቤት አይገባም። ሀይረዲን ቁልፉን ይዞ የወይዘሮ አሰፋችን በር አንኳኳ። የብሎኩ አዋቂዎች በምርጫው ተሳልቀዋል፤ እርሱ ግን ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ አደራ በልታ የማታውቅ ሴት ማን ናት ቢባል መልሱ አያከራክርም ነበር።

ትእዛዙን ቆሞ ዘረዘረ። ሽሪምፑ ፍሪዘር ውስጥ በትንንሽ ተቆራርጦ ተቀምጧል፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ቁንጥር፣ በቀጭኗ ቱቦ ከድንጋዩ አጠገብ ይጣልለታል። ሌላ ምግብ ምንም አይገባም። ያልበላው ወዲያው ይወጣል፤ ከቆየ በስብሶ ውሃውን ይመርዘዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ካልበላ ደግሞ ሆዱ ይሟሽሽና ከዚያ በኋላ ቢበላም አይተርፍም፤ ሦስቱ የሞቱት እንዲህ ነው። ከዚያም ሀይረዲን ትንሽ አፈረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ብቻ፣ እትዬ አሰፋች፣ አደራዎን እንዳይለምኑት።»

«ዓሣ አይደል እንዴ ልጄ? ማን ይለምነዋል» አሉ ወይዘሮ አሰፋች፣ በእውነት ግራ ተጋብተው።

በዚያው ምሽት የመጀመሪያው ማዕድ ቀረበ። ሽሪምፕን ወይዘሮ አሰፋች እንኳን ሊበሉት ሊያዩትም ይጸየፋሉ፤ ቢሆንም እንግዳ የሚበላውን የሚመርጠው እንግዳው ነውና በማንኪያ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው አሟሙት፤ በቱቦዋም ለቀቁለት። ዓሣው ከድንጋዩ ጀርባ ገባ። ወይዘሮ አሰፋች መስታወቱ ላይ ተጠጉ። ዓሣው ይበልጥ ገባ። አፍሮ ነው፣ ቤቱ አዲስ ሆኖበት ነው ብለው አስረዱ።

«አሰፉ፣ አዲሷ አንቺ ነሽ» አሉ አቶ ሀብተሚካኤል። «እሱማ በገዛ ቤቱ ነው።»

የቀረበው ሁሉ ሳይነካ አሸዋው ላይ ተኛ። መነሣት ነበረበት። ወይዘሮ አሰፋች በዕድሜያቸው ያልተነካ ማዕድ ከእንግዳ ፊት አንሥተው ስለማያውቁ እጃቸው እምቢ አለ፤ አቶ ሀብተሚካኤል በሻይ ማጥለያ፣ እንደ ጉድለት መርማሪ አንድ በአንድ ለቀሙት። ጠዋት ተመሳሳይ ሆነ። ልዩነቱ ወይዘሮ አሰፋች ቁርስ አለመብላታቸው ነው። ለምን ሲባሉ «እሱ ሳይበላ?» አሉ። ዘመናቸውን ሙሉ ከሌላው ቀድመው ጎርሰው የማያውቁት ሴት፣ አሁን ከዓሣ መቅደም ነውር ሆነባቸው።

ጭንቀት ያለበት ሰው ከሚሠራቸው ስሕተቶች ሁሉ የከፋው በደግነት የሚሠራው ነው፤ ደግነት ፈቃድ አይጠይቅምና። በዚያ ቀን ከቀትር በፊት አቶ ሀብተሚካኤል ከፋርማሲ ሲመለሱ የገንዳው ውሃ የምስር ቅቅል መስሎ ቆያቸው። ወይዘሮ አሰፋች ከግድግዳው ተለጥፈው ቆመዋል። ያን የሚሸት ነገር ነፍስ ያለው እንዴት ይበላል ብለው፣ የድፎ ዳቦ ፍርፋሪ፣ ያውም ልቡን፣ ያውም በጣታቸው አድቅቀው፣ ጨምረውለት ነበር። ዓሣው ዳቦውን አላየውም። ዳቦው ግን ሥራውን ሠርቷል።

አቶ ሀብተሚካኤል አልተቆጡም፤ ይህም ከቁጣ የባሰ ነበር። ሸሚዛቸውን እስከ ክንድ ሰብስበው፣ የደፈረሰውን በጆግ እየቀዱ፣ ሀይረዲን በባልዲ አዘጋጅቶ በተወው የጨው ውሃ እየተኩ እስከ ቀትር ሠሩ። ወይዘሮ አሰፋች ስልኩን ይዘው ሀይረዲንን ይፈልጋሉ። የሚመልሰው ግን የዚያች የታወቀች ሴት ድምፅ ነው፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ናቸው፣ እባክዎ ቆይተው ይደውሉ። ወይዘሮ አሰፋች ቆይተው ደወሉ። ሴትዮዋ አልታከታትም። በመጨረሻ ወይዘሮ አሰፋች ለድምፁ ነገሩን ሊያስረዱ ጀምረው ነበር፤ «እመቤቴ፣ አደራ ሆኖብኝ ነው እኮ» ሲሉ ባለቤታቸው ስልኩን በቀስታ ከእጃቸው ወሰዱት።

ውሃው ጠራ ሲባል መብራት ሄደ።

አየር መንፊያው ዝም አለ። አረፋው ቆመ። ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ቶሎ ቶሎ ይከፍትና ይዘጋ ጀመር፤ ወይዘሮ አሰፋች ለአፍታ «ጎረሰ!» ብለው ተንሠፈሠፉ፤ እየጎረሰ ሳይሆን እየታፈነ መሆኑን ሲረዱ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ያለው ዘዴ አንድ ነበር፤ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ፣ አየር እንዲገባበት። አቶ ሀብተሚካኤል የታመመ ትከሻቸውን ይዘው ያፈስሱ ጀመር። ቀጥታ እንዳይቆሙ ገንዳው ረጅም ነው፤ ወንበር ላይ እንዳይወጡ ጉልበት የለም። መብራቱ አልመጣም። ጆጉ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለት እጁ የተያዘ ባል ከፊታቸው ሲቆም ደግሞ ወይዘሮ አሰፋች የኖሩበት ጠባይ ተነሣባቸው። ወደ ቤታቸው ሮጡ፤ ያደረ ወጥና እንጀራ በሳህን ይዘው ተመለሱ።

«ጉልበት ይሆንሃል። በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።»

አቶ ሀብተሚካኤል እምቢ ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ስሕተት ነበር። እንዲህ እያፈሰሱና እየጎረሱ፣ እየጎረሱና እያፈሰሱ መብራቱ እስኪመለስ ደረሱ። ዓሣው ከሞት ተረፈ፤ የአቶ ሀብተሚካኤል ስኳር ከፍ አለ። በዚያ ቤት ከቀረቡት ማዕዶች ሁሉ የተሳካው ያ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቀን ነጋ። ዓሣው የግንባሩ ሥጋ ሟሽሾ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ ቢጫው ራሱ የታጠበ ልብስ መስሎ ነበር። ከታችኛው ፎቅ ወይዘሮ ዳሲቱ ሊጠይቁ መጡ። እንዴት አደረ አሉ፤ ተቀመጡ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ በመጨረሻም ፍርዳቸውን ሰጡ። የዓሣውን ጉሮሮ የዘጋው የሰው ዓይን ነው። የሚበላ ፍጡር እንዲህ በመስታወት ተከብቦ ይታያል ወይ? ድሮ ታላላቆቹ ሲበሉ መጋረጃ አይጣልም ነበር ወይ? ይህን ብለው የገዛ ነጠላቸውን አውልቀው ገንዳውን ሸፈኑት። አቶ ሀብተሚካኤል በዓይንም በቡዳም የማያምኑ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ከንቱ የሆነ ምክር አንዳንድ ጊዜ ፍሬው ከንቱ እንዳይደለ ስለሚያውቁ አልከለከሏቸውም።

ነጠላው አንድ ጉድለት ነበረበት። ጫፉ ይገለጣል። ወይዘሮ አሰፋች በየደቂቃው ገለጡት። በገለጡ ቁጥር ቢጫ ጅራት ከድንጋዩ ጀርባ ሲሰወር ያያሉ፤ «ሊበላ ነበር እኮ!» ይላሉ፤ ይሸፍናሉ፤ ደግሞ ይገልጣሉ። ወይዘሮ ዳሲቱ ተስፋ ቆርጠው፣ ነጠላቸውን ትተው ወረዱ።

ከቀትር በኋላ አቶ ሀብተሚካኤል ከበሩ ላይ ሆነው ሚስታቸውን ተመለከቱ። ነጠላውን ጨርሰው ገፍፈውታል። ከመስታወቱ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ፣ ድምፅ ሳያወጡ ይለምኑ ነበር። ይህን አኳኋን አቶ ሀብተሚካኤል ያውቁታል። ያኔ አቃቂ፣ ከፋብሪካው ጀርባ በኪራይ ቤት ሳሉ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ጡት አልይዝ አለ። ያኔም ወይዘሮ አሰፋች እንዲሁ ጎንበስ ብለው፣ እንዲሁ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለመኑት። ልጁ ክርስትና ሳይነሣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተወልደዋል፤ በልተው፣ ወፍረው፣ ተድረዋል። የዚያኛው ነገር ግን በቤቱ ተነሥቶ አያውቅም፤ የሚነሣበት ስምም አልነበረውም።

«አሰፉ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» አሉ። በርጩማውን ከገንዳው ፊት አኖሩና የሚስታቸውን ጀርባ ወደ መስታወቱ አዞሩት። «ፊትሽን ወደ ግድግዳው። እኔ እሰጠዋለሁ፤ እኔ አይቼ እነግርሻለሁ። አንቺ አትዙሪ።»

ለእንግዳ ጀርባ መስጠት ለወይዘሮ አሰፋች ከስድብ የሚቆጠር ነው። ተቀመጡ። ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ዘረጉት፤ አጣጠፉት፤ ዘረጉት። አቶ ሀብተሚካኤል ሽሪምፑን በቱቦ ለቀቁና ወደ በሩ አፈገፈጉ።

«በላ?»

«ቆይ።»

የሽሪምፑ ቁንጥር ቀስ እያለ ወረደ። አሸዋው ላይ ዐረፈ። ከድንጋዩ ጀርባ የሚታየው የጭንብሉ ጫፍ ብቻ ነው።

«በላ?»

«ቆይ እንጂ።»

ወይዘሮ አሰፋች አልዞሩም። ሊዞሩ ሲሉ አንገታቸውን በእጃቸው ያዙ። ሦስተኛውን «በላ?» ሲሉ ጥያቄ አልነበረም፤ አቶ ሀብተሚካኤል ያን ድምፅ ከዚያ የኪራይ ቤት ወዲህ ሰምተውት አያውቁም። ዓሣውን አዩት። ያልተነካውን ሽሪምፕ አዩት። ዘመናቸውን ሁሉ ክር የሳተበትን ጣቃ የመለሱት ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በላ» አሉ።

«እውነትህን?»

«ወሰደ። ደገመ ደግሞ።»

ሐሰት ኃጢአት ነው፤ በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለም፤ ለሚስት ሲነገር ደግሞ ይከፋል። ይህ ጽሑፍ አቶ ሀብተሚካኤልን ለማንጻት አልተጻፈም። የሆነውን መናገር ግን ግድ ነው። ወይዘሮ አሰፋች ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ብዞር ይደነግጥብኛል ብለው ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጥለው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወጡ። ከመተላለፊያው ማዶ፣ ከገዛ ወጥ ቤታቸው፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የድስት ክዳን ተሰማ።

ቤቱ ጸጥ አለ። መንፊያው ብቻ ይንተከተካል። አቶ ሀብተሚካኤል በበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ባሉት ነገር አፍረው የዓሣውን ፊት ማየት ስለከበዳቸው፣ ዓይናቸውን በጫማቸው ላይ ጣሉ። እንዲህ በመሆኑ በዚያ ክፍል ውስጥ ዓሣውን የሚያይ፣ የሚጠብቅና የሚለምን አንድም ሰው አልነበረም።

ከዓይናቸው ጠርዝ ቢጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። ራሳቸውን አላነሡም። ዓሣው ከድንጋዩ ጀርባ በግማሽ ወጣ፤ ቆመ፤ በሙሉ ወጣ። በሹል አፉ አሸዋውን አንዴ ነካ። ከዚያ ሽሪምፑን አነሣ። ተፋው። መልሶ አነሣው፤ አልተፋውም። ሌላውን ፈለገ።

አቶ ሀብተሚካኤል «አሰፉ!» ሊሉ ተነሡና ተመልሰው ተቀመጡ። ምን ብለው ይጠሯቸዋል? ቀድሞ የበላ ዓሣ አሁን በላ ተብሎ አይነገርም። እውነቱን ለመናገር ሐሰቱን መናዘዝ ያሻል፤ ያን ደግሞ የድስቱ ክዳን ድምፅ ከለከላቸው። ቁንጥሩ አለቀ። ዓሣው ባዶውን አሸዋ እየነካካ ይፈልግ ነበር።

ከማዶ የወይዘሮ አሰፋች ድምፅ መጣ፤ ፈራ ተባ የሚል፣ ተግሣጽ የሚጠብቅ ድምፅ።

«ሀብቴ… ትንሽ ይጨመርለት ይሆን?»

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ «በቃ» ከማለት በቀር በማዕድ ላይ ሌላ ቃል ያልነበራቸው ሰው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ነይ፣ ጨምሪለት» አሉ።

ወይዘሮ አሰፋች እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ ከበሩ ጀምሮ ወደ ኋላ እየተራመዱ ገቡ። በርጩማው ላይ በጀርባ ተቀመጡ። ቱቦዋን ይዘው ክንዳቸውን ወደ ኋላ ሲዘረጉ ባለቤታቸው የእጅ አንጓቸውን ይዘው ወደ ገንዳው አፍ መሩላቸው። ቁንጥሩ ወረደ። ዓሣው ሸሸ፤ ተመለሰ።

«በላ?»

አቶ ሀብተሚካኤል ዓሣው እስኪውጥ ጠበቁ።

«በላ» አሉ።

ድምፃቸው ከቀደመው በምንም አልተለየም። ወይዘሮ አሰፋችም ግድግዳውን እያዩ፣ እንደ ቀድሞው ደስ አላቸው። ሁለቱን «በላ» ለይቶ የሚያውቅ በዚያ ብሎክ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም።